አምስት ብቻ

ሐኪሟ «በቀን ስንት ታጨሳለህ?» አለችኝ። «አምስት» አልኳት።

ሃያ ነው። የአየር ማረፊያው ወረፋ በረዘመ ቀን ሃያ አምስትም ይገባል። «አምስት» ግን ሳላስበው ከአፌ ቀድማ ወጣች። ለካ ለሐኪም የሚነገር ቁጥር ነች። ሃያ ቢሉ ጥጋብ ይመስላል፤ ሁለት ቢሉ ማንም አያምን፤ አምስት ግን አንገቷን ደፋ ያደረገች ጨዋ ቁጥር ናት።

«መጠጥስ?» «ለበዓል ብቻ።» እዚህ ላይ እንኳ ሙሉ በሙሉ ዋሸ አልባልም። የእኛን የበዓል ብዛት አለማወቋ የእሷ ጉዳይ ነው።

«ድብርት ወይም ጭንቀት ገጥሞህ ያውቃል?» የሚለው በቅጽ የመጣ ጥያቄ ነበር። «የለም» በምትለዋ ሳጥን ላይ እንደዚያ ቀን ፈጥኜ ምልክት አድርጌ አላውቅም። እናቴ ያረፈችው በኮሮና ሰሞን፣ መሄጃ በጠፋበት ጊዜ ነው። ለቀብሯ አልደረስኩም። ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ጠዋት ታክሲዬን አስነስቼ፣ ከቤቴ ደጅ ንቅንቅ ሳልል፣ ሞተሩ እየሠራ ሁለት ሰዓት የምቀመጥባቸው ቀናት ነበሩ። ያንን ሕመም ብዬው አላውቅም። «ደክሞኝ ነው» እል ነበር። በእኛ ዘንድ ሰው ወይ ጤነኛ ነው ወይ አብዷል፤ በመካከል ያለው ሁሉ ይደክመዋል።

ሦስት ጥያቄ፣ ሦስት ውሸት። ሐኪሟም በእነዚህ ላይ ተመሥርታ ቫሬኒክሊን የሚባል ክኒን አዘዘችልኝ።

ሥራዬ ታክሲ መንዳት ነው፤ ቨርጂኒያ፣ ሬገን አየር ማረፊያ። ተራ ከምንጠብቀው ሾፌሮች መካከል ሐበሻ ሞልቷል። ሲጋራ የጀመርኩት አዲስ አበባ ነው፣ ከሱቅ በደረቴ ኒያላ በፍሬ እየገዛሁ። ሙያውን ያሻሻልኩት ግን እዚህ ተራ ላይ ነው። ሁለት ሰዓት ቆሞ ሃያ ደቂቃ የሚነዳ ሰው እጁን የሚያሠራበት ነገር ይፈልጋል።

ክኒኑን አውጥቼ ሳሳያቸው አንደኛው «ይሄ እኮ ሰው ያሳብዳል!» አለ። ወሬው ሥር አልነበረውም ለማለት አልችልም። መድኃኒቱ እ.ኤ.አ. በ2006 አሜሪካ ውስጥ ሲፈቀድ የወጣው ቻንቲክስ በሚል ስም ነው። ከሚወስዱት ሰዎች አንዳንዶቹ ጠባያቸው እንደተለወጠ፣ ራሳቸውን ለማጥፋት ያሰቡም እንዳሉ የሚገልጹ ሪፖርቶች ሲበዙ፣ የአገሩ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2009 በጥቁር ሳጥን የተከበበ ከባድ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍበት አዘዘ። በኋላ ከ8,000 በላይ አጫሾች የተካፈሉበት ጥናት ተደረገ፤ ግማሽ ያህሎቹ የአእምሮ ሕመም ታሪክ ያላቸው ነበሩ። በ2016 ውጤቱ ሲወጣ፣ ክኒኑ ከኒኮቲን ፕላስተሩም ሆነ ምንም ከሌለበት የማስመሰያ ክኒን ይበልጥ ሰው ሲያውክ አልተገኘም። ጥቁሩ ሳጥንም በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ተነሣ። ቢሆንም ከክኒኑ ጋር የሚመጣው ወረቀት ዛሬም ጠባይህ ከተለወጠ፣ ክፉ ሐሳብ ከመጣብህ ክኒኑን አቁምና ሐኪምህን ጥራ ይላል።

ይህን ሁሉ ያነበበችልኝ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጄ ናት። እኔማ ወረቀቱን አጣጥፌ የኩሽናው ጠረጴዛ እግር ሥር ከትቼው ነበር፤ ጠረጴዛው ይነቃነቃል።

በዚያው ጥናት ክኒኑን ከወሰዱት ከአምስቱ አንዱ ያህል ለወራት ሳያጨስ ቆይቷል። የማስመሰያውን ከወሰዱት ግን ከአሥሩ አንድ እንኳ አልሞላም። «አባዬ፣ አራቱ እኮ አልቻሉም» አለችኝ ልጄ። አታውቅም። እኔ በዲቪ የመጣሁ ሰው ነኝ። ከአምስት አንድ ማለት ለእኔ ዕድል አይደለም፤ ኪስ የገባ ገንዘብ ነው።

መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ያለችው ፋርማሲስት የአገሬ ልጅ ናት። ክኒኑን ስትሰጠኝ ሥራውን በአማርኛ አስረዳችኝ። ኒኮቲን አእምሮ ውስጥ የሚቀመጥበት የራሱ ወንበር አለው። ክኒኑ ቀድሞ ይገባና ወንበሩን ይይዘዋል፤ ደግሞ ዝም ብሎ አይጎለትም፣ ሆድ እንዳይብስ ያህል ትንሽ ትንሽ ያቋድሳል። ከዚያ ሰውየው ሲጋራ ቢለኩስ ኒኮቲኑ ዘግይቶ ይደርስና መቀመጫ ያጣል። ለቅሶ ቤት ዘግይቶ መጥቶ ድንኳኑ እንደሞላበት ሰው አሰብኩት። በጣም ደስ አለኝ። ከዚያ በኋላ ያለችውን አልሰማሁም። «ምግብ በልተው፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ» ነበር ያለችው።

ሣጥኑ ውስጥ 53 ፍሬ አለ፤ የመጀመሪያው ወር። ሦስት ቀን ግማሽ ሚሊግራም አንድ ጊዜ፣ አራት ቀን ግማሽ ሚሊግራም ሁለት ጊዜ፣ ከስምንተኛው ቀን ጀምሮ አንድ ሚሊግራም ጠዋትና ማታ፣ በጠቅላላው 12 ሳምንት። የመጀመሪያዋን ሳምንት እያጨሱ መውሰድ ይፈቀዳል። ይህችን ሳምንት ወደድኳት። ሠላሳ ዓመት ተደብቄ ያጨስኩ ሰው፣ በሐኪም ፈቃድ ሳጨስ እጄ ሁሉ ተፍታታ። ሚስቴ «ይሄ ምን ዓይነት መድኃኒት ነው?» ስትለኝ «ሳይንስ ነው» አልኳት።

የማቆሚያ ቀኔን በጥንቃቄ መረጥኩ፦ የዐቢይ ጾም የመጀመሪያው ሰኞ። ሐሳቤ ሥጋውንም ጭሱንም በአንድ በር ለማስወጣት ነበር። ያላሰብኩት ከዚያ ሰኞ በፊት እሑድ እንዳለ ነው። ቅበላ።

ቅበላውን የሚስቴ ወንድም ቤት ዋልን። የወትሮዬን ሁለት ብርጭቆ ውስኪ ጠጣሁ፤ ለበዓል ብቻ። ሁለተኛዋ ካለቀች በኋላ የሆነውን የማውቀው በልጄ ስልክ ላይ ካለው ቪዲዮ ነው። ቆሜያለሁ። ብርጭቆ ይዣለሁ። ለባለ ቤቱ እግዜር ይስጥልኝ ልል ተነሥቼ፣ በ2011 ዓ.ም. የተበደረኝን ገንዘብ በዶላርም በብርም አስልቼ፣ ወለዱን ጨምሬ ለእንግዳው ሁሉ እየዘረዘርኩ ነው። ከዚያ እስክስታ አለ። እስክስታውን ማየት አልቻልኩም። ልጄ ወረቀቱን ከጠረጴዛው እግር ሥር አውጥታ አነበበችልኝ፦ ይህን ክኒን የሚወስዱ አንዳንድ ሰዎችን መጠጥ ከወትሮው ይበልጥ ያሰክራቸዋል፣ ጠበኛ ያደርጋቸዋል፣ ያደረጉትንም ያስረሳቸዋል። ማስጠንቀቂያው የተጨመረው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ሐኪሟ ስለ መጠጥ የጠየቀችኝ ለወግ አልነበረም ለካ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ ያውም ቅቤው በማግስቱ ተከልክሎ።

ሰኞ መጣ። ዘጠኝ ሰዓት ድረስ እህል የለም። ጠዋት ክኒኔን ባዶ ሆዴን፣ ጾሙ እንዳይፈርስ በአንድ ጉንጭ ውሃ ዋጥኳት። የሁለት ጉንጭ ውሃ ኃጢአት ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ገና ከአየር ማረፊያው ሳልርቅ ሆዴ ተገለባበጠ። ማቅለሽለሽ የዚህ ክኒን ዋነኛ ጠባይ ነው፤ ከሚወስዱት ሰዎች ሲሶ ያህሉን ያገኛቸዋል። በልተው በውሃ የሚወስዱት ላይ ግን ይቀላል። እኔ ከኋላዬ ከአትላንታ የመጡ ሁለት ሴቶች ተቀምጠው፣ ይቅርታ ጠይቄ፣ መንገድ ዳር አቁሜ የሆዴን ሁሉ ሰጠሁ። ሴቶቹ ጉርሻ ጨምረው ሰጡኝ። ያዘኑልኝ ይመስለኛል።

ማክሰኞም እንዲሁ። ረቡዕ ጠዋት ዘለልኳትና ማታ ሁለቱን አንድ ላይ ዋጥኩ። ዕዳ መክፈሌ ነው። በዚህ መድኃኒት ግን ዕዳ አይከፈልም፤ የቀጣይዋ ጊዜ ከደረሰ ያለፈችውን ትቶ አንዷን ብቻ መውሰድ ነው። ያን ሌሊት መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ተቀምጬ ይህን ተማርኩ። ከሐሙስ ጀምሮ በሥራ ቀን የጠዋቷን እርግፍ አድርጌ ተውኩ። ለማን ተናገርኩ? ለማንም።

«ለምን የንስሐ አባትህን አትጠይቅም?» ትሉኝ ይሆናል። እንዴት ብዬ! ጾም ልግደፍ ስል «ለምን?» ይሉኛል። «ክኒን አለ» ስል «የምን?» ይሉኛል። ሃያ ዓመት ሲጋራ እንደማጨስ ነግሬያቸው አላውቅም። አያቴ ትምባሆ ከአርዮስ መቃብር ላይ የበቀለ ቅጠል ነው እያሉ ያሳደጉኝ ሰው ነኝ፤ ይህን ይዤ መስቀል ፊት አልቆምም። ሃያ ዓመት ንስሐ የገባሁት ስለ ትራፊክ ሕግ ነው።

የሚገርመው በግማሽ መጠን እንኳ ሲጋራው ጣዕሙን አጣ። ለኩሼ ሁለቴ ስቤ እጥላለሁ፤ እርጥብ ካርቶን የማጨስ ያህል ነው። ከሁለተኛው የጾም ሳምንት ጀምሮ ያጨስኩት በሁለት እጄ ጣቶች ይቆጠራል። ነገር ግን ሌላ መከራ ጀመረኝ። እጄ ይንቀጠቀጣል። ልቤ ይመታል። እንቅልፍ የለም። ሲመጣም ከህልም ጋር ነው፤ ያውም እንደ ፊልም የጠራ፣ ቀለሙ የደመቀ ህልም። አንድ ሌሊት አባቴ መጣ። በሕይወት ሳለ ማጨሴን አላወቀም። መርካቶ፣ ነጭ ጋቢውን ለብሶ፣ ተሰልፎ ከነበረው ሕዝብ መካከል እኔን ለይቶ «እሳት አለህ?» አለኝ። ላይተሬን ኪሴ ውስጥ ስፈልግ ስፈልግ ነጋ።

ቀን ቀን ደግሞ ቁጡ ሆንኩ። በር ሲዘጋ እቆጣለሁ፤ ክፍት ሲቀር እቆጣለሁ። አንድ ማታ ሚስቴ ሳህኑን አስቀምጣ «አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ክኒኑ ነው፣ ሲጋራው ነው፣ ወይስ አንተው ነህ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ሲጋራ ማቆም ራሱ ሰው ያስቆጣል፤ እንቅልፍ ማጣትም ያስቆጣል፤ የቆየ ሐዘን የነካካው ሰውም እንዲህ ይሆናል። የትኛው እንደሆነ የሚለየው ሐኪም ነው። የእኔ ሐኪም ግን የምታውቀው በቀን አምስት የሚያጨስ፣ ለበዓል ብቻ የሚጠጣ፣ ሐዘን ነክቶት የማያውቅ አንድ ደስተኛ ሰው ነው። እኔ ያንን ሰውዬ አላውቀውም።

በዚህ ሁሉ መሀል እነዳ ነበር። ወረቀቱ ክኒኑ እንዴት እንደሚያደርግህ ሳታውቅ መሪ አትያዝ ይላል። የአሜሪካ የአቪዬሽን አስተዳደር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 አብራሪዎች ይህን ክኒን እንዳይወስዱ ከልክሏል። እንግዲህ እኔ ሰዎችን እየተንቀጠቀጥኩ አደርሳቸው የነበረው፣ እኔ የዋጥኩትን መዋጥ ወዳልተፈቀደለት አብራሪ ዘንድ ነው።

ወሩ ባለቀበት ቅዳሜ ማታ፣ እራቴንም ክኒኔንም ጨርሼ፣ የሚቀጥለውን ልወስድ መድኃኒት ቤት ሄድኩ። ፋርማሲስቷ «ጋሼ፣ እንዴት ነው ተስማማዎት?» አለችኝ። እጄን ዘረጋሁላት። እንደ ቅጠል ትርገፈገፋለች።

«ቡና ይጠጣሉ?»

ሐበሻን እንዲህ ብሎ መጠየቅ ትንሽ ድፍረት ነው። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ሚስቴ ታፈላለች፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ማታ ሥራ ላይ ደግሞ ከነዳጅ ማደያ ሁለት ትልልቅ ብርጭቆ። ጭሱ ስለቀረብኝ ቡናውንም ትንሽ ከፍ አድርጌዋለሁ።

ኮምፒዩተሯን አየች። «በቀን አምስት ለሚያጨስ ሰው ለውጡ ይህን ያህል አይሆንም ነበር» አለች ለራሷ ያህል። ከዚያ የነገረችኝ በሕይወቴ የማልረሳው ነው። የሲጋራ ጭስ፣ ኒኮቲኑ ሳይሆን ጭሱ፣ ጉበት ውስጥ ያለ አንድ ማጽጃ ያነቃቃል፤ ያ ማጽጃ ካፌይንን ቶሎ ቶሎ ጠርጎ ያወጣል። ስለዚህ አጫሽ ሰው ቡና ቢጠጣ ቢጠጣ አይሰማውም። ጭሱ ሲቆም ማጽጃው በቀናት ውስጥ ይለግማል፤ ያው የትናንቱ ሲኒ ደም ውስጥ እጥፍ ያህል ሆኖ ይቆያል። ያው ማጽጃ የሚያወጣቸው መድኃኒቶችም አሉ፤ ለአእምሮ ሕመም የሚሰጡት ክሎዛፒንና ኦላንዛፒን፣ ለአስም የሚሰጠው ቴኦፊሊን። እነዚህን የሚወስድ ሰው ሲጋራ ሲያቆም ለሐኪሙ ካልተናገረ፣ ትናንት ልኩ የነበረው መድኃኒት ዛሬ ሊበዛበት ይችላል።

«ግን አምስት ብቻ ከሆነ...» አለችና ቀና ብላ አየችኝ።

«ሃያ ነው» አልኳት።

አልተገረመችም። ጻፈች። ይህ ይበልጥ አሳፈረኝ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ በተራው ላይ ያ ክኒን አሳበደኝ እያልኩ ያወራሁት ወሬ፣ ቢያንስ ግማሹ የሚስቴ ጀበና ሆኖ ተገኘ። «በግማሽ ይቀንሱት፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ባይጠጡ» አለችኝ። በረካን ለመተው የንስሐ አባት ፈቃድ ያስፈልግ ይሆን ብዬ አሰብኩ። ስለ ቁጣውና ስለ ድሮው «ድካሜ» ግን እንደ ቀልድ አላለፈችኝም፤ ሰኞ ጠዋት ለሐኪሟ እንድደውል ቃል አስገባችኝ።

ቀጥላ ሣጥኑን ተቀበለችኝና የቀሩትን ሰማያዊ ትሪዋ ላይ አፈሰሰች። ዛሬ ባዶ መሆን ነበረበት። በትንሿ ማንኪያ መሳይ ነገር ገፋ ገፋ አድርጋ ቆጠረች። ስድስት። «ስድስት ጊዜ ዘለዋል ማለት ነው» አለች። እዚህ ላይ ዝም ማለት እችል ነበር። በሕይወቴ እንደዚህ በነጻ የቀረበልኝ ውሸት የለም፤ ራሷ ጽፋ፣ ራሷ አንብባ ሰጠችኝ።

«አሥራ ሁለት» አልኳት።

«እዚህ ያለው ስድስት ነው።»

«ስድስቱ ጓደኛዬ ጋ ነው።»

ማንኪያዋን አስቀመጠች። ተራ የምንጠብቅበት ቦታ ላይ አንድ ወዳጄ «እስቲ ለእኔም» ብሎኝ፣ በሶፍት ጠቅልዬ ስድስት ፍሬ ሰጥቼዋለሁ። ቆሎ እንደምንቋደሰው። እኛ አዲስ አበባ በሄድን ቁጥር ሻንጣችንን ግማሹን መድኃኒት የምንሞላ ሰዎች ነን፤ ስድስት ፍሬ ለጎረቤት መቁጠር ምን ነውር አለው? «ሰውየው ሌላ ሕመም አለባቸው?» አለችኝ። ስኳር አለበት። «ኩላሊታቸውስ?» አሃ። ባለፈው ዓመት ስለ ኩላሊቱ ምርመራ ሲያወራ ነበር። «ጋሼ፣ ይህ ክኒን ከሞላ ጎደል እንዳለ የሚወጣው በሽንት ነው። ኩላሊት በጣም ከደከመ መጠኑ ይቀነሳል። በእርስዎ ልክ የተሰፋ ልብስ ነው፤ አይበደርም።» ቀጥላ የሚጥል በሽታ እንዳለበት ጠየቀችኝ። ይህንንም አላውቅም። አሥራ አንድ ዓመት አብሬው ቆሜያለሁ፤ የማውቀው የሚደግፈውን የእግር ኳስ ቡድን ነው።

ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ተቀመጥኩና በድፍረቴ ላይ ሳለሁ ለንስሐ አባቴ ደወልኩ። አንድ ጊዜ አፌ ከተከፈተ ይውጣ ብዬ ክኒኑንም፣ ሲጋራውንም፣ ሃያውንም ዘረገፍኩት። ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ «ልጄ፣ ሃያ ዓመት መስቀል ስትሳለም አፍንጫ የሌለኝ መስሎህ ነው?» አሉኝ። ለታመመ ሰው ጾም እንደማይጸናበት፣ ጠዋት ቁራሽ ዳቦ በልቼ መድኃኒቴን እንድወስድ ነገሩኝ። ውሃውን በተመለከተ «አንድ ጉንጭ ያለህ ማን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ማንም።

ከዚያ ቀጥታ ወደ ተራው። ወዳጄ መኪናው ላይ ተደግፎ ያጨሳል። ክኒኖቹን ስለው በሩን ከፍቶ፣ ከፓርኪንግ ደረሰኞች መሀል ሶፍቱን አወጣና ሰጠኝ። ፈትቼ ቆጠርኩ። አምስት።

«አንዷን ቀምሼያት ነበር» አለ።

«እና?»

«አትጠይቀኝ! ውልቅ ነው ያደረገችኝ። ግማሽ ቀን ሥራ አልገባሁም።»

«በባዶ ሆድህ ነው የዋጥካት?»

«ጾም አይደል እንዴ!»

ወዲያው ለፋርማሲስቷ ደወልኩና ስልኩን ጆሮው ላይ ለጠፍኩለት። ስለ ኩላሊቱ ጠየቀችው፣ ስለ ስኳሩ ጠየቀችው፣ ነገ ዛሬ ሳይል ሐኪሙ ጋ እንዲሄድ ነገረችው መሰለኝ፤ «እሺ፣ እሺ የኔ ልጅ» ይላል። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀችው። ወዳጄ ሲጋራውን በእግሩ ረግጦ አጠፋ፣ ኮቱን አስተካከለ፣ ድምፁን ትሑት አደረገ።

«አምስት» አላት።